ሰላምታ የመሰለኝ ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩ ቁጥር ሰዎች ውል ሊያስጽፉኝ ይመጣሉ። በሩን ሳያንኳኩ ይገባሉ። አንዳንዶቹ ከሞቱ ቆይተዋል። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይቀመጡና አንደኛው ወደ ሌላኛው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይለዋል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ ግን ከመስኮቱ ውጭ ያለው ጉም ውስጥ ይቀራል። «ምን አላችሁ? ድገሙልኝ» እላቸዋለሁ። ፈገግ ብለው ያዩኛል እንጂ አይደግሙም። ስነቃ ሦስት ጣቶቼ እስክሪብቶ እንደያዘ ሰው ተገጣጥመው ብርድ ልብሱ ላይ አገኛቸዋለሁ።

ስሜ ስንዱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ውል ስጽፍና ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ሥራ የጀመርኩት አጅባር ላይ በታይፒስትነት ነው። በገበያ ቀን የበጉና የፍየሉ ጩኸት ከታይፑ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ደብዳቤ እየመታሁ ይሁን መንጋ እየነዳሁ ይምታታብኝ ነበር። ከዚያ ወደ መቅደላዋ ማሻ ተዛወርኩ። የማሻ አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ወረቀት ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ማኅተሙ መሐል ላይ መሆኑን ነው። ደመወዜ የምትበቃው ለቤት ኪራይና ለጤፍ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጤፉ ከረከሰ። ባገባሁ በዓመቱ ባሌን ተከትዬ መካነ ሰላም መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀስኩም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እዚሁ መካነ ሰላም የውል ክፍሉ ጸሐፊ የነበሩት ጋሽ በላይነህ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ውል የሚጽፈውም የሚመዘግበውም ያው አንድ ጠረጴዛ ነው። ሰዎች ቤት ሊሻሻጡ ወይም ሊከራዩ ሲመጡ ጋሽ በላይነህ ወዲያው ወረቀት አያነሱም። መጀመሪያ አንዱን «አንተ ውጭ ቆይ» ይሉና የቀረውን «ስትመጡ በመንገድ ላይ ምን ተባባላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሰውየው «ስለ ዝናቡ ነው ያወራነው» ይላል።

«ከዝናቡ በኋላስ?»

ከዝናቡ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። አንዳንዶቹ፣ ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ለሻጩ እንዲቀር ተባብለዋል። ሌላዋ አከራይ፣ ተከራይዋ በጾም ቀን ሥጋ እንዳታበስል ለምናለች፤ ተከራይዋም እሺ ብላለች። ይህን ሁሉ ጋሽ በላይነህ በእርሳስ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ይጽፉታል። ከዚያ ሁለቱን አስገብተው ቁርጥራጩን ፊታቸው ያነቡታል። ውሉ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ሲያነቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ለምን እንደሚጨፍኑ አይገባኝም ነበርና አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ለካ የጻፉትን በቃላቸው ይዘውታል፤ የሚያደምጡት የሰዎቹን ትንፋሽ ነው። «ሰው ያልተስማማበት ቦታ ላይ ሲደረስ ትንፋሹን ይይዛል። እዚያ ላይ ቁሚ» አሉኝ። ወላሂ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም ይሰማኝ ጀመር። አንቀጽ ሦስት ላይ አንዲት ሴት ጸጥ ትላለች፤ እቆማለሁ፤ «ምነው እመቤት?» እላለሁ፤ ነገሩ ይወጣል።

ጋሽ በላይነህ ጡረታ ወጥተው ወንበሩ የእኔ ሆነ። ትንሽ ቆይቶም ኮምፒውተር መጣልንና ለሥልጠና ደሴ ተላክሁ። እዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ጻፋት፤ እኔም ደብተሬ ላይ ገለበጥኳት፦ «ይህ ውል የተዋዋዮቹን ስምምነት በሙሉ የያዘ ነው። ከመፈረሙ በፊትም ሆነ ሲፈረም በቃልም ሆነ በጽሑፍ የተባለ ማናቸውም ነገር፣ በዚህ ውል ውስጥ ካልተጠቀሰ ዋጋ የለውም።»

ወደድኳት። በአውቶቡስ ስመለስ፣ መኪናው ጉሙን እየቀደደ ዳገቱን ሲወጣ፣ በቃሌ ስደጋግማት ነበር። የሰው ክርክር ሁሉ «ብሎኝ ነበር፤ አላልኩም» ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ያንን ሁሉ ታቆመዋለች።

እውነትም ብዙ ጊዜ አቁማልናለች። አንድ ሰው ቤቱን በሸጠ በሦስተኛው ሳምንት መሰላል ተሸክሞ መጣና የጣሪያውን ቆርቆሮ ማውረድ ጀመረ። ገዢው ሲጮኽ፣ «የሸጥኩልህ ቤቱን ነው፤ ቆርቆሮው ለኔ እንዲቀር ተባብለን የለም ወይ?» አለው። አልተባባሉም። ውሉ ተነበበ፤ ቤቱ ከነጣሪያው ይላል፤ ከታች ያቺ ዓረፍተ ነገር አለች። ሰውየው መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። የዚያን ቀን ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቅጽ አዘጋጅቼ ዓረፍተ ነገሯን መጨረሻው ላይ ተከልኳት፤ ሰው ሳይመጣ፣ ነገር ሳይሰማ፣ ቀድማ ተጽፋ ትጠብቃለች። ስምና ቦታ ብቻ እሞላለሁ።

ጋሽ በላይነህ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ ብቅ ብለው ቅጹን አዩት። ሁለቴ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥሩ ዓረፍተ ነገር ናት» አሉ። «ግን ስንዱ፣ ይህቺ መጨረሻ የምትጻፍ ናት። አንቺ መጀመሪያ ጽፈሻታል።»

የአሮጌ ሰው ቅናት መሰለኝ። ሻይ ጋብዤ ሸኘኋቸው።

ሼህ ይማም የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከመስጊዱ በታች ባለው ሰፈር ቁርኣን የሚያቀሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ትልቁ ቤት አለ፤ ደጁ አጠገብ ደግሞ አንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል አለች። የከተማው ግማሽ እስላም ፊደል የለየው እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ሉሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ጭኑ ላይ አስደግፎ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ በኩል እየዞርኩ አልፍ ነበር። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ቤቱ ሳይታይ የሚቀሩት ልጆች ድምፅ ብቻ ሲመጣ፣ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር።

የሼህ ይማም ባለቤት ታመው ደሴ ለሕክምና መመላለስ፣ ለዚያም ቤቱን መሸጥ ግድ ሆነ። ቤቱን ከነግቢው የገዛቻቸው ጦይባ ናት። ልጅ ሆና እሳቸው ዘንድ የቀራች፣ ከዚያ ዓረብ አገር ሄዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት። ዋጋውን ራሷ ጨምራ ነው የገዛችው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የተፈራረሙበትን ቀን እንደ ሕልም ሳይሆን እንደ ዛሬ ነው የማየው። ሦስት እማኞች ነበሩ። ወደ ደሴ የሚወስዳቸው መኪና ውጭ ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። እኔ ስሞቹን ሞልቼ ማተሚያው እስኪሞቅ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ጦይባ የሼሁን እጅ ስትስም ሰማሁ።

«ሼሃችን፣ የደጇ ክፍል እንደ ወትሮው የእርስዎ ናት» አለቻቸው። «አላህ እስኪወስድዎ ያቅሩባት።»

ሼህ ይማም ረጅም ዱዓ አደረጉላት። እማኞቹ አሚን አሉ። እኔም አሚን አልኩ። በዚያው ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ።

አነበብኩላቸው። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ትንፋሽም አላደመጥኩም፤ ጡሩንባው ያጣድፈኛል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ስለምወዳት። «ሌላ የቀረ አለ?» አልኩ፤ ለወግ ያህል፣ በሁሉም ፊት።

«የቀረ የለም፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼህ ይማም።

ምን ይበሉ? ተማሪያቸው እጃቸውን ስማ የሰጠቻቸውን ቃል፣ በምስክር ፊት «ጻፊልኝ» ቢሉ እሷን መጠርጠር ነው። ጦይባም «ጻፊው» ብትል ሼሁ እንዳላመኗት መቁጠሯ ነው። ሁለቱም ያፈሩትን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ያውም ለየብቻ። ፈረሙ። ማኅተም መታሁ።

ሁለት ዓመት ያህል ደኅና ሆነ። የሼሁ ባለቤት ቢያርፉም እሳቸው ማቅራቱን አላቋረጡም። ጦይባ ደግሞ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች፤ ግቢውን እንዲያስተዳድር ለወንድሟ ለዓሊ ውክልና ሰጠችው። ዓሊ ክፉ ሰው አይደለም። ሲፈራረሙ እዚያ አልነበረም፤ ቃሉንም ማንም አልነገረውም። መንገዱ ሲሰፋ ደጅ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ አሰበና ሼሁን ክፍሏን እንዲለቁ ለመናቸው። ሼሁ «ጦይባ ሰጥታኛለች» አሉት። እሱ እህቱን ሳይጠይቅ ውሉን አወጣ፤ ሼሁም ወደ እሷ ለመደወል አፈሩ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም እማኞች መጥተው ቃሉን መስማታቸውን ሊመሰክሩ ተነሡ። የዓሊ ጠበቃ ግን ምስክር መስማት አያስፈልግም ብሎ ያቺን ዓረፍተ ነገር አነበባት። እኔው የጻፍኳት፣ እኔው ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኳት ናት። በሱ አፍ ስትነበብ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር መሰለችኝ፤ ብርድ አላት።

ዳኛዋ ገና ወጣት ነበረች። ስለ ውሉ አጻጻፍ እንዳስረዳ ተጠርቼ ስለነበር ወደ እኔ ዞረች።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ይህን ቃል በዕለቱ ሰምተውታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

የማውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር።

«ሰላምታ መስሎኝ ነው» አልኩ።

ፍርዱ ሲነበብ ዳኛዋ ለሁሉም እንዲገባ አድርጋ አስረዳች። ቃሉ አልተባለም ማለቷ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ዋጋ እንደሌለው ራሳቸው ፈርመዋል፤ በጽሑፍ የተዘጋ ነገር ደግሞ በምስክር አይከፈትም። ማታለል ኖሮ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ እዚህ የተታለለም ያታለለም የለም። ከውሉ በኋላ በጽሑፍ አዲስ ስምምነት አድርገው ቢሆንም ሌላ ነበር፤ አላደረጉም። ስለዚህ ክፍሏ ትለቀቅ። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው እኔ ማተሚያው አጠገብ ጀርባዬን ሰጥቼ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው።

ስወጣ ሼህ ይማም አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው በዚያን ጊዜ ደክሟል። አጠገባቸው ቆምኩ። በኮቴዬ ይሁን በትንፋሼ እንጃ፣ ማን እንደሆንኩ አወቁ።

«አንቺም አሚን ብለሻል» አሉኝ። «ሰምቼሻለሁ።»

ወቀሳ ይሁን ማጽናኛ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። በሳምንቱ ኪታቦቻቸውን፣ የሃይማኖት መጻሕፍታቸውን፣ በአህያ አስጭነው ማሻ ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ዓሊ የክፍሏን ጣሪያ አወረደ። እኔም መንገዴን ቀየርኩ። በዚያ በኩል ማለፍ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በጉም ውስጥ እንደ መሄድ ነበሩ። ሰዎች ይመጣሉ፣ እጽፋለሁ፣ ግን ማተሚያው በጮኸ ቁጥር ያንን አሚን እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ጋሽ በላይነህ ቤት ሄድኩ። አርጅተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጹን አይተው ያሉኝን ያስታውሱኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንድም ቃል አላነሡም።

«ልጅቱ በሕይወት አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለች።»

«ሼሁስ?»

«አሉ።»

«ሁለቱም ካሉ፣ ዳኛዋ ራሷ አዲስ ስምምነት ቢኖር ብላሻለች። ምን ትጠብቂያለሽ?»

ለካስ ፍርዱን ስሰማ የሰማሁት የተዘጋውን ብቻ ነው። የጦይባን ስልክ ከአክስቷ ተቀበልኩና ደወልኩ። መጀመሪያ የምድጃና የሳህን ድምፅ ሰማሁ፤ ሥራ ላይ ነበረች። አፊያ ተባብለን፣ ደኅንነት ተጠያይቀን ነገሩን ስነግራት ሳህኑ ቆመ። ወንድሟ ሼሁ በፈቃዳቸው ወደ ልጃቸው እንደሄዱ ነበር የነገራት። ያ ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው፤ ፖሊስ ሊያስወጣቸው ሳይመጣ ራሳቸው ወጥተዋል።

«እኔ እኮ ቃል ሰጥቻለሁ» አለች። «ቃሌ የት ሄደ?»

«ወረቀቱ ዘጋበት፣ ልጄ። የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ለአረፋ መጣች። ከአረፋ ማግሥት ጦይባ፣ ዓሊና እኔ ሁለት መኪና ቀይረን ማሻ ገባን። ሼሁ ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጦይባ እጃቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ዓሊ ቆሞ፣ «ጣሪያውን ነው ያወረድኩት፤ ግድግዳውን ግን አላፈረስኩትም። እጄ እምቢ አለኝ» አላቸው። ሼሁ ቁጭ እንዲል አመለከቱት።

እኔ ባዶ ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ። ቅጹን መካነ ሰላም ትቼው ነበር የመጣሁት። ጦይባንና ዓሊን ከግቢው ውጭ አስቆይቼ መጀመሪያ ከሼሁ ጋር፣ ከዚያ ከጦይባ ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ልባቸው ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣ። የክፍሏ ርዝመት፣ በሯ ወደየት እንደምትዞር፣ ከመንገድ እስከ በሯ የሚያስገባው መተላለፊያ፣ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠቢያ፣ የሚቀዳው ውኃ፣ ዝናብ ሲሆን ጫማ የሚወልቅበት ጥግ። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ ጣሪያውን ማን እንደሚመልስ ጠየቅሁ፤ ዓሊ እኔ ነኝ አለ። ቤቱ ለሌላ ቢሸጥ ገዢው በዚህ እንደሚገደድም ተስማሙ። አንቀጽ አራት ላይ ሼሁ ክፍሏ ለእሳቸው ዕድሜ ብቻ እንዳትሆን፣ እሳቸው የሚሰይሙት ሰውም እንዲያቀራባት ለመኑ፤ ጦይባ ሳይጨርሱ እሺ አለች። ዛሬ ሼህ ይማም አርፈዋል፤ የሰየሙት ሰው ግን አሁንም ያቀራባታል፤ በአንቀጽ አራት መሠረት።

የዚያን ቀን እንዲህ ስንል ዋልን። ለትንሽ ክፍል የጻፍኩት ትልቁ ውል ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገለጥ ብሎ የመቅደላ አምባ ወገቡ ድረስ ታየ፤ ተመልሶም ተሸፈነ። በእስክሪብቶ ገልብጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ። ማንም ትንፋሹን አልያዘም።

በመጨረሻ ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረች። ምን ማለት እንደሆነች ማንንም ሳላጣድፍ ነገርኳቸው፤ ከዚህች በኋላ ዛሬ ያላችሁት ሁሉ ያልተጻፈ ከሆነ የለም፣ አስቡበት አልኳቸው። አሰቡ። ጦይባ ጨርሻለሁ አለች። ሼሁ ግን እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«አላህ ከሰማው በቀር፣ ብለሽ ጨምሪበት» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ማኅተሙን የሚይዘው አዲሱ አለቃዬ ላይቀበለው እንደሚችል ነገርኳቸው። ጠበቁኝ። ጻፍኩት፤ ሦስቱም ፈረሙ።

መካነ ሰላም ስመለስ አለቃዬ፣ ሕግ የተማረ ወጣት፣ ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበውና መጨረሻዋ መስመር ላይ እርሳሱን አቆመ።

«እትዬ ስንዱ፣ ይቺ ሕጋዊ ውጤቷ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

«እናጥፋታ?»

«ተዋዋዩ ብለዋታል፤ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

ጥቂት አየኝ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠና ማኅተሙን አነሣ።